ርካሽ የአደን ቢላ ስትገዙ ሀያ ዶላሯ የት እንደገባች እንዴት ታውቃላችሁ

የዛሬ ሦስት ዓመት ለፋሲካ ቨርጂኒያ አንድ ፋርም ሄደን በግ አረድን፣ አምስት ቤተሰብ ሆነን ሦስት በግ። ቢላ የማመጣው እኔ ነበርኩ። ኦንላይን ካየሁት ሁሉ በጣም ያማረኝን አዘዝኩ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ደንደሱ (ስለት የሌለው ጀርባው) ላይ መጋዝ ያለው፣ እጀታው ጫፍ ላይ ኮምፓስ የተገጠመለት፣ 24 ዶላር። የመጀመሪያው በግ ቆዳ ግማሽ ሳይገፈፍ ዶለዶመ። በፋርሙ ሰውዬ ሞረድ እንደምንም አፍ አስይዘነው ሁለተኛውን ጀመርን፣ የኋላ እግሩ መገጣጠሚያ ላይ ትንሽ ጠምዘዝ ሳደርገው ግን እጀታው እጄ ውስጥ እንዳለ ብረቱ ብቻውን ዞረና እግሩን ይዞልኝ የነበረውን የአክስቴን ልጅ መዳፉ ላይ ጨረፈው። ሁለት ስፌት ተሰፋ። ቤት ገብቼ እጀታውን ስፈታው ውስጡ ባዶ ነው፣ ብረቱ ወደ ውስጥ የገባው ከአውራ ጣቴ ያነሰ ነው፣ እሱንም የያዘችው አንዲት ቀጭን ብሎን ናት።

የዛን ቀን ከጎናችን ሌላ ቤተሰብ ያርድ ነበር፣ ቆዳውን የሚገፉት ድሮ አዲስ አበባ ሥጋ ቤት የሠሩ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። የያዙት ብርቱካንማ የፕላስቲክ እጀታ ያለው፣ ምንም የማያምር፣ የልጅ መጫወቻ የሚመስል የስዊድን ሞራ ቢላ ነው። ዋጋው ከኔ ያንሳል። ሁለት በግ ገፈው ብልት አውጥተው ሲጨርሱ ያንኑ ቢላ በጨርቅ ጠርገው ቁርጥ ቆረጡበት። ከዛ ቀን ጀምሮ ርካሽ ቢላ ማየት፣ መሞከር፣ መሳል ልማዴ ሆነ፣ አሁን በኅዳር የሥራ ጓደኞቼ አጋዘን አደን ሲሄዱም አብሬ እሄዳለሁ፣ እና ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ሁሉንም እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። በሀያ ዶላር ውስጥ ብረቱም፣ ብረቱን በእሳት አግሎ አቀዝቅዞ ማጠንከሩም (ሂት ትሪትመንት የሚሉት)፣ መሞረዱም፣ እጀታውም፣ ሰገባውም፣ ካርቶኑም፣ የባለሱቁ ትርፍም አለ። ፋብሪካው ያለው ብር ለአንድ ወይ ለሁለት ነገር ብቻ ነው የሚበቃው። ስለዚህ ቢላ ባያችሁ ቁጥር "ብሯ የት ገባች?" በሉ። ኮምፓሱ፣ መጋዙ፣ እሳት መጫሪያው፣ ቀለሙ፣ የተኩላ ስዕሉ ሁሉ ብር ወጥቶበታል፣ ያ ብር ደግሞ የወጣው ከስለቱ ላይ ተቀንሶ ነው። ርካሽ ሆኖ ጥሩ የሆነ ቢላ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ደረቅ ያለ፣ ጌጥ የሌለው ነው።

1. መጀመሪያ ሥራውን ወስኑ

ለማረጃ ሌላ፣ ለመግፈፊያ ሌላ ነው። ለማረድ ረጅም ካራ ያስፈልጋል፣ በአንድ ጊዜ ሳብ ተደርጎ የሚጨርስ፣ በአጭር ቢላ መገዝገዝ እንስሳውን ማሰቃየት ነው፣ እባካችሁ እሱን አታድርጉት። የአደን ቢላ የሚባለው ከዛ በኋላ ላለው ነው፣ ቆዳ ለመግፈፍ፣ ሆድ ለመክፈት፣ ብልት ለማውጣት። ለዚህ ደግሞ ከ9 እስከ 11 ሴንቲሜትር የሆነ ስለት ይበቃል። ሰው ትልቅ ሲሆን የሚሻል ይመስለዋል፣ ግን ሆድ ስትከፍቱ አመልካች ጣታችሁን ደንደሱ ላይ አድርጋችሁ ጫፉን እየተከተላችሁ ነው የምትሄዱት፣ ጫፉ ከጣታችሁ ከራቀ አንጀቱን ትወጉትና ሥጋው ይበላሻል።

ውፍረቱንም እዩ። ቀላል መለኪያ ልስጣችሁ፣ አንድ ኳርተር ሳንቲም ውፍረቱ 1.75 ሚሊሜትር ነው፣ ሁለቱን ስትደራርቡ 3.5 ይሆናል። የቢላው ደንደስ ከሁለት ኳርተር ከወፈረ እሱ እንጨት ለመፍለጥ ነው የሚሆነው፣ ሥጋ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ይገባል እንጂ አይቆርጥም። ቅድም ያልኳችሁ ሞራ (ኮምፓኒየን የሚባለው ሞዴል) 2.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ ስለቱ ደግሞ 10 ሴንቲሜትር ከምናምን፣ እና ለበግም ለአጋዘንም ከበቂ በላይ ነው። ጫፉ ከደንደሱ በኩል በቀስታ ወደ ታች የወረደ፣ ሆዱ ደግሞ ክብ ያለ ይሁን፣ ቆዳ የሚገፈው ያ ክብ ቦታው ነው። ደንደሱ ላይ መጋዝ ካለው ዝለሉት፣ ሥጋ ይዞ ይቦጫጭቃል፣ ጣት ማሳረፊያም አይሆንም።

2. ብረቱን አንብቡ

ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚታለለው እዚህ ነው። ስለቱ ላይ "ስቴንለስ" ወይ "ሰርጂካል ስቲል" ብቻ ተጽፎ የብረቱ ስም ከሌለ ነገርየው ምንም አልነገራችሁም። ስቴንለስ ማለት ቢያንስ 10.5 ፐርሰንት ክሮሚየም (ዝገት የሚከላከለው) ያለው ብረት ማለት ነው፣ ማንኪያም ስቴንለስ ነው፣ ማንኪያ ግን ስለት አይይዝም። ስለት የሚያስይዘው ካርቦኑ ነው።

የቻይና ብረቶች ስማቸው ራሱ ይነግራችኋል። ከ"ሲአር" በፊት ያለው ቁጥር ካርቦኑ ነው በአስር ተካፍሎ፣ ከኋላው ያለው ክሮሚየሙ ነው። 3ሲአር13 ማለት ካርቦኑ 0.3 ፐርሰንት ገደማ ክሮሚየሙ 13፣ ይሄ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይዶለዱማል፣ በነጻ ቢሰጧችሁ ለሽንኩርት አድርጉት። 5ሲአር15 መካከለኛ ነው። 8ሲአር13 ካርቦኑ 0.8 ነው፣ በዚህ ዋጋ ይሄን ካገኛችሁ ጥሩ ነው። የሞራው ስቴንለስ 12ሲ27 የሚባለው የስዊድን ብረት ነው፣ ካርቦኑ 0.6 አካባቢ። አሜሪካኖቹ 420ኤችሲ የሚሉት አለ፣ እሱም በደንብ ከተጠነከረ ያገለግላል፣ "420" ብቻ ካለ ግን ተጠራጠሩ፣ ያ ካርቦኑ ዝቅ ያለው ዘመዱ ሊሆን ይችላል። 440ም እንደዛው ነው፣ መጨረሻው ላይ ኤ ነው ወይስ ሲ ነው የሚለው ትልቅ ልዩነት አለው፣ ሲው ብዙ ካርቦን ያለው ነው፣ ፊደሉን ካልጻፉት ሲ ባይሆን ነው።

ደማስቆ ብለው የሚሸጡት ውሃ የመሰለ ቅርጽ ያለበት የ30 ዶላር ቢላስ? አትግዙ። እውነተኛው ደማስቆ ብዙ ድካም አለበት፣ በዛ ዋጋ አይሠራም፣ አንዳንዱ ቅርጹ ላዩ ላይ ብቻ የታተመ ነው፣ ሌላው ደግሞ ምን ብረት ተደባልቆ እንደተቀጠቀጠ ሻጩም አያውቅም።

ግን የብረቱ ስም ግማሽ ወሬ ነው። ሀገር ቤት መርካቶ ምናለሽ ተራ ከመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ የሚሠራውን ካራ አስታውሱት። ባሌስትራ ብዙ ጊዜ ካርቦኑ 0.6 ገደማ ነው፣ ማለትም ከዛ ከስዊድኑ ጋር እኩል። ታዲያ ለምንድነው አንዱ ካራ አስር ዓመት ሲያገለግል ሌላው በወሩ የሚታጠፈው? ባሌስትራው አንድ ነው፣ እሳቱ ነው የተለያየው። አንዱ ቀጥቃጭ ብረቱን አግሎ በልኩ አቀዝቅዞ መልሶ ትንሽ አሙቆ ያረጋጋዋል፣ ሌላው ቅርጽ አውጥቶ ሞርዶ ይሸጠዋል። ፋብሪካም እንደዛው ነው። ስለዚህ ጥንካሬውን በቁጥር የጻፈ ፋብሪካ ፈልጉ፣ ኤችአርሲ የሚል መለኪያ አለ፣ ለአደን ቢላ ከ56 እስከ 60 ያለው ጥሩ ነው። ከ54 በታች ለስላሳ ነው። በ20 ዶላር ቢላ ላይ 62 ብሎ ከጻፈ ደግሞ እኔ አላምነውም።

3. በእጃችሁ ይዛችሁ እዩ

ሱቅ ከሆናችሁ እዛው፣ ኦንላይን ከሆነ ካርቶኑን እንደከፈታችሁ፣ ሳትጠቀሙበት፣ ሪተርን ማድረግ እንድትችሉ። እጀታውን ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ እንደ ጠመንጃ አነጣጥሩበት፣ ደንደሱ ከእጀታው እስከ ጫፉ ቀጥ ያለ ነው? ርካሽ ቢላ ሲጠነከር ይጣመማል፣ ያልተጠነቀቀ ፋብሪካ እንዳለ ያልፈዋል። ከዛ ገልብጣችሁ ስለቱን ወደ ላይ አድርጉና እንደዛው እዩ፣ ስለቱ መሀል ላይ ነው ወይስ ወደ አንድ ጎን ያደላል?

ቀጥሎ ሁለቱን ፊት አወዳድሩ። ወደ ስለቱ የሚቀጥነው ተዳፋት በሁለቱም በኩል እኩል ስፋት ሊኖረው ይገባል፣ እጀታው ጋ የሚጀምርበት መስመርም ፊት ለፊት መግጠም አለበት። አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ ከሆነ የሞረደው ሰው ወይ ማሽን ቸኩሏል፣ ስትስሉትም ዕድሜ ልክ ያስቸግራችኋል።

አሁን መብራት ሥር ሂዱ። ስለቱን ወደ ላይ አቅንታችሁ ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። የተሳለ ስለት ብርሃን አይመልስም፣ ጥቁር መስመር ነው የሚመስለው። የምታብረቀርቅ ነጥብ ካያችሁ እዛች ቦታ ላይ ወይ ተሸርፏል ወይ አልተሳለም። አንድ ነጥብ ብትሆን ችግር የለውም፣ በድንጋይ ትወጣለች፣ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ግን ፋብሪካው ሳይስለው ነው የላከው፣ ስለቱን ያልሳለ ሰው ብረቱን አጠንክሮታል ብላችሁ አትጠብቁ።

4. እጀታው ውስጥ ምን አለ?

የአክስቴን ልጅ ያስወጋችው ይቺ ናት፣ ስለዚህ አትቸኩሉ። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ድረስ ገብቶ ጠርዙ በዙሪያው የሚታይ ከሆነ ፉል ታንግ ይሉታል፣ እሱ ማረጋገጫው በዓይን ስለሆነ ለጀማሪ ቀላል ነው። ግን ፉል ታንግ ያልሆነ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ ያ የስዊድኑም ብረቱ እጀታው ውስጥ ተደብቆ ነው የሚገባው፣ ፕላስቲኩ ብረቱ ላይ ቀልጦ ስለተጋገረ አይነቃነቅም። መጥፎው ባዶ ቱቦ የሆነው ነው። ጀርባው እንደ ጠርሙስ ክዳን የሚከፈት፣ ውስጡ ክብሪትና መርፌ የሚቀመጥበት እጀታ ካያችሁ ብረቱ የት ጋ እንደሚቆም ራሳችሁ አስቡት።

በጣታችሁ አንጓ እጀታውን ከፊት እስከ ኋላ ኳ ኳ አድርጉት፣ ድምፁ አንድ ዓይነት ከሆነ ሙሉ ነው፣ መሀል ላይ ወደ ባዶ ድምፅ ከተቀየረ ብረቱ እዛ አልቋል። ከዛ ብረቱን በወፍራም ፎጣ ጠቅልላችሁ በአንድ እጅ እጀታውን በሌላው ብረቱን ይዛችሁ ግራ ቀኝ ለማጠማዘዝ ሞክሩ፣ ቀጭ የምትል ድምፅ ወይ የምትነቃነቅ ነገር ካለች መልሱት። ብረቱና እጀታው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ክፍተት አለ? የንግድ ካርድ ጫፍ የሚገባበት ከሆነ ደምና ስብም ይገባበታል፣ ይሸታል፣ ከውስጥም ይዝጋል።

አንድ ፈተና ደግሞ ቤት ስትገቡ፦ እጃችሁን በውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አርጥባችሁ ያዙትና ስለቱን ሳትነኩ ፎጣ ላይ ወደ ፊት የመግፋት እንቅስቃሴ አድርጉ። የበግ ላት ስብ እጅ ላይ ሲቀልጥ ልክ እንደ ሳሙና ነው የሚያንሸራትተው፣ እጃችሁ ወደ ስለቱ ከተንሸራተተ ያን ቢላ ለፋርም አትውሰዱት፣ እጀታውና ስለቱ መሀል ጣት የሚያስቆም ጉብታ ያለውን ፈልጉ።

5. ሰገባው

አጭር ነው። ቢላውን አስገብታችሁ አልጋ ላይ ገልብጣችሁ አራግፉት፣ ከወደቀ አይሆንም። ጨርቅ የሆነ ሰገባ ውስጡ ፕላስቲክ ከሌለው ጫፉ በስቶ ይወጣና ታፋ ይወጋል። ፕላስቲክ ከሆነ ታች ላይ ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ይኑረው። ቆዳ ያምራል፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን እርጥበት ይይዛል።

6. ቤት ውስጥ የስለት ፈተና

በዚህ ቅደም ተከተል አድርጉት፣ ከማይጎዳው ወደሚጎዳው። መጀመሪያ የሱፐርማርኬት ደረሰኝ ወረቀት በአንድ እጅ አንጠልጥላችሁ ከላይ ወደ ታች ቁረጡት። ሳይቀደድ ከሄደ ጥሩ፣ አንድ ቦታ ላይ ሁሌ የሚይዘው ከሆነ ቅድም መብራት ሥር ያያችኋት ነጥብ ናት።

ከዛ የአማዞን ካርቶን ፈልጉ፣ ያ መቼም ከማንም ቤት አይጠፋም። ሀያ ሠላሳ ረጃጅም ቁራጭ አውጡበት፣ ካርቶን ስለት ይበላል፣ ጥሩ ፈተና ነው። መልሳችሁ ወረቀቱን ሞክሩ። አሁንም ከቆረጠ ቢላው ያገለግላችኋል። ካልቆረጠ ገና ተስፋ አትቁረጡ፣ መብራት ሥር እዩት። ስለቱ ወደ አንድ ጎን ታጥፎ ጥፍራችሁን ከጎን ስታንሸራትቱበት የሚይዝ ከሆነ ብረቱ ለስላሳ ነው። ተሸርፎ ከሆነ ደግሞ በጣም ደርቋል ወይ ተሰባሪ ሆኗል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ ፋብሪካ ላይ መጨረሻ ሲሳል በማሽን ስለሆነ ቀጭኗ ስለት ግላ ትቃጠላለች፣ ያኔ ጥሩ ብረትም ቢሆን የመጀመሪያው ስለቱ ደካማ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ በእጅ ከሳላችሁት በኋላ የካርቶኑን ፈተና ድገሙት። ድንጋይ ከሌላችሁ የሲኒ ወይ የትልቅ ኩባያ ቂጥ ላይ ያለችው ያልተቀባች ሻካራ ቀለበት ትሠራለች፣ እናቶቻችን ሲያደርጉት አይታችሁ ይሆናል። ቢላውን 20 ዲግሪ ገደማ አዘንብሉት፣ ማለትም ቀጥ ካለው ግማሽ፣ ከዛ ግማሽ፣ ከዛም ትንሽ ዝቅ፣ እና ስስ ነገር እንደምትልጡ ወደ ፊት ግፉት፣ አስር በግራ አስር በቀኝ። በሦስተኛው ስለትም ቶሎ ከታጠፈ በቃ፣ ችግሩ ብረቱ ነው።

የመጨረሻው የሞረድ ፈተና ነው፣ ምልክት ስለሚጥል ሪተርን አታደርጉትም፣ ስለዚህ ለራሳችሁ ካስቀራችሁ በኋላ። ትንሽ ሞረድ ወስዳችሁ መጀመሪያ ምስማር ላይ አንዴ ሳብ አድርጉት፣ ነክሶ ሲበላው እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። አሁን የቢላው ስለት እጀታው ጋ የሚጀምርበት ጥግ ላይ በቀስታ ሳብ አድርጉት። እንደ ምስማሩ ከነከሰው ብረቱ አልተጠነከረም። ከ56 እስከ 58 የሆነ ብረት ሞረዱን ትንሽ ያስነክሰዋል ግን እየተንሸራተተ፣ እየጮኸ፣ በግድ ነው። ልዩነቱን አንዴ እጃችሁ ከለመደው ሌላ ማስረዳት አያስፈልግም፣ የሀገራችን ቀጥቃጭም የሚፈትነው እንዲሁ ነው።

7. ስቴንለስ ወይስ ካርቦን?

ያው ቢላ በሁለቱም ይሸጣል ብዙ ጊዜ። ካርቦን ስቲሉ (ስቴንለስ ያልሆነው) ለመሳል ይቀላል፣ ግን ደም ከነካው በኋላ አንድ ሰዓት ብትተዉት ዝገት ይጀምረዋል። በዓል ቀን ደግሞ እንግዳ አለ፣ ሕፃን አለ፣ ዶሮ ወጡ አለ፣ ቢላ የሚያስታውስ ሰው የለም። ለኛ ሰው ስቴንለሱ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሀገር ቤት ለዘመድ ይዛችሁ የምትሄዱ ካላችሁ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ፣ በሰገባው ሆኖ፣ በደንብ ተጠቅልሎ ነው፣ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ከገባ ኤርፖርት ላይ ይቀራል። እዚህም ወገባችሁ ላይ ታጥቃችሁ ከመንዳታችሁ በፊት የስቴታችሁን ሕግ እዩ፣ አንዱ ጋር የተፈቀደው ሌላው ጋር ያስጠይቃል፣ እኔ ሁሌ ትራንክ ውስጥ ነው የማደርገው።

ሥራ ስትጨርሱ ወዲያው በሞቀ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ዲሽዋሸር ውስጥ አታስገቡት፣ ሙቀቱና ኬሚካሉ እጀታውንም ስለቱንም ይጎዳል። በጨርቅ አድርቃችሁ እጀታው ጋ ያለችውን ስንጥቅ በተለይ እዩ፣ ስብ እዛ ነው የሚደበቀው። ካርቦን ከሆነ የምግብ የሆነውን ሚኒራል ኦይል በጣት ቀባ አድርጉት። ከዛ ሰገባው ውስጥ አትመልሱት፣ በተለይ ቆዳ ከሆነ፣ በካርቶን ቁራጭ ጠቅልላችሁ ልጆች የማይደርሱበት ከፍ ያለ ቁም ሳጥን ላይ አድርጉት፣ ሰገባው ለብቻው ይድረቅ።